የረሳ ሰው ዕዳ

ሰው ከሌሎች ፍጥረታት ተለይቶ ከሚከበርባቸው ምክንያቶች አንዱ ቃሉን የሚጠብቅ ፍጥረት በመሆኑ ነው። ቃል መጠበቅ ደግሞ ያለ ማስታወስ አይገኝም። ትናንት የተናገረውን ዛሬ የማያስታውስ ሰው ነገ እንዴት አድርጎ ሊፈጽመው ይችላል? በዚህም ምክንያት ይመስላል በአገራችን ቋንቋ «ረሳኸኝ» የሚለው ቃል ከዕውቀት ጉድለት ይልቅ የፍቅርን ጉድለት የሚያመለክት ወቀሳ ሆኖ የኖረው። ዘመድ ዘመዱን «ረሳኸኝ» ሲለው ስሜ ጠፋህ ማለቱ አይደለም፤ ተውኸኝ ማለቱ ነው።

ይሁን እንጂ መርሳት ሁሉ ከፈቃድ የሚመነጭ አይደለም። ከዛፍ ወድቆ፣ በበቅሎ ተረግጦ፣ በዱላ ተመትቶ ወይም በመኪና ተገጭቶ ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው፣ ቁስሉ ከዳነና ሰውነቱ ከጠና በኋላ እንኳ ከትዝታው አንድ ክፍል ተቆርጦ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ሲሄድ ያዩት ጤነኛ ነው፤ ሲናገር የሰሙት አስተዋይ ነው፤ ነገር ግን ባለፈው ሳምንት የተዋዋለውን ውል አያውቀውም። እንግዲህ ከዚህ ላይ ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ይህ ሰው የቀድሞው ሰው ነውን? ሁለተኛው፣ የረሳው ዕዳ፣ የረሳው ቃልና የረሳው በደል ይጠየቅበታልን? ሦስተኛው፣ እርሱ የረሳውን እኛ የምናስታውስ ሰዎች ለእርሱ ምን ግዴታ አለብን? ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው እነዚህን ሦስቱን ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ቃላቱን እንለይ። አባቶቻችን ስለ አንጎል አሠራር በመሣሪያ ያልመረመሩ ቢሆኑም፣ ማስታወስ አንድ ነገር ብቻ እንዳልሆነ ግን በቋንቋቸው ለይተውት ኖረዋል። ዳዊት የደገመ ተማሪ «በቃሉ ያዘው» ይባላል። ሸማኔውን ደግሞ «እጁ ለምዶታል» እንለዋለን እንጂ በቃሉ ያዘው አንለውም። ያለፈ ቀን ድንገት በፊታችን ሲቆም «ትዝ አለኝ» እንላለን፤ በዚህም አነጋገር አድራጊው ትዝታው ሲሆን ተቀባዩ ሰውየው ነው። «ልብ አለ» የምንለው በሚሆነው ነገር ላይ አሳቡን ያሳረፈውን ሰው ነው፤ ልብ ያላሉት ነገር ደግሞ ኋላ ትዝ አይልም። እንግዲህ በቃል መያዝ፣ እጅ መልመድ፣ ትዝ ማለትና ልብ ማለት አራት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። የዘመናችን የአእምሮ ሊቃውንት በብዙ ምርመራ የደረሱበት አከፋፈል ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም።

ይህን አከፋፈል በደቡብ ጎንደር ምድር በግልጽ ማየት ይቻላል። በጋይንት ቤተ ልሔም የቅዱስ ያሬድን ድጓ የሚያስመሰክሩ መምህራን ሲኖሩ፣ ለዚህ ማዕርግ የሚደርስ ተማሪ የብዙ ዓመታት ትምህርት ያስፈልገዋል። የተማረውን ድጓ በየትኛው ቀንና በየትኛው ዛፍ ሥር እንደ ተማረው ሁሉንም አያስታውስ ይሆናል፤ ዜማውና ቃሉ ግን በውስጡ ተቀምጧል። ይህ የዕውቀት ትዝታ ነው። የቅኔ ተማሪ በበኩሉ ብራና ሳይዝ፣ ቀለም ሳይነክር፣ የመጀመሪያውን ቤት በአሳቡ ይዞ ሁለተኛውን ይፈልጋል፤ ሁለተኛውን ሲያገኝ የመጀመሪያውን እንዳይጥል ይጠነቀቃል። ይህም በአእምሮ መዳፍ ላይ ለጥቂት ጊዜ ይዞ የማገላበጥ ኀይል ነው። አቋቋም የሚማረው ደግሞ መቋሚያውንና ጸናጽሉን ይዞ ሰውነቱን ያስለምዳል። የፎገራው የናበጋ ጊዮርጊስ ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና ያወጡት፣ በልጃቸም በተክሌ ስም የሚጠራው የደብረ ታቦር አቋቋም ከጣና ሞገድ መወዛወዝ የተቀዳ ነው ተብሎ ይነገራል። ይህን ዝማሜ የለመደ ሰው እግሩ መቼ እንደሚነሣ በቃል ግለጽ ቢሉት ይቸግረው ይሆናል፤ ከበሮው ሲመታ ግን እግሩ ራሱ ያውቀዋል። ይህ የሰውነት ትዝታ ነው።

አራተኛው፣ ስለ ሰውነታችን ጥያቄ ሲነሣ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን፣ የሕይወት ትዝታ ነው። የፎገራ ሰው በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ከአፋቸው ሞልተው ሜዳውን ባጥለቀለቁት ጊዜ የት እንደ ነበረ፣ ማንን እንደ ተሸከመ፣ ከብቱን በየት በኩል እንዳሸሸ የሚተርከው በዚህ ትዝታ ነው። በዚያ ዓመት ጎርፍ እንደ ነበረ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ውሃው ጉልበቱ ላይ ሲደርስ የተሰማውን ብርድ መልሶ ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ከመጽሐፍ መማር ይቻላል፤ ሁለተኛውን ግን ከዚያው ከነበረው ሰው በቀር ማንም አያገኘውም። ኤንደል ቱልቪንግ የተባለው የካናዳ ሊቅ እነዚህን ሁለቱን በ1972 እ.ኤ.አ. ለይቶ በመጻፉ በአእምሮ ጥናት ስሙ የታወቀ ሆነ። በመጨረሻም ወደ ፊት የሚመለከት ትዝታ አለ፤ ይኸውም «ለቅዳሜ ገበያ ገንዘቡን አደርሳለሁ» ብሎ ቅዳሜ ሲደርስ ማሰብ ነው። ቃል ኪዳን፣ ስእለትና ቀጠሮ ሁሉ የሚቆሙት በዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጉዳቱ እንመለስ። አንጎል ለስላሳ ነገር ሲሆን የተቀመጠው በጠንካራ አጥንት ውስጥ ነው። ጭንቅላት በኀይል ሲመታ ወይም ሮጦ ድንገት ሲቆም አንጎል በውስጡ ይናወጣል። የራስ ቅል ወለል በግንባርና በጆሮ ግንድ በኩል ሻካራና ወጣ ገባ ስለ ሆነ፣ በዚያ ያለው የአንጎል ክፍል ከሌላው ይልቅ ይቀጠቀጣል። ከዚህም በላይ አንዱን ክፍል ከሌላው የሚያገናኙት ቀጫጭን ክሮች ይሳባሉ፤ ይበጠሳሉም። የሚያሳዝነው ነገር፣ በጆሮ ግንድ በኩል በውስጥ የሚገኘው ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል አዲስ የሕይወት ትዝታ የሚቀረጽበት ዋና ሥፍራ መሆኑ ነው። የግንባሩ ክፍል ደግሞ አሳብን ለመያዝ፣ ነገርን በተራ ለማሰናዳትና ቀጠሮን ለማሰብ የሚያገለግል ነው። በአንጻሩ የእጅና የእግር ልማድ በብዛት የሚጠበቀው በሌላ ሥፍራ፣ በአንጎል ሥር በኋላ በኩል ባለው ታናሽ አንጎልና በመካከል በተሸሸጉት ክፍሎች ስለ ሆነ፣ ብዙ ጊዜ ከአደጋው ያመልጣል።

በዚህም የተነሣ የተጎዳው ሰው ትዝታ እንደ ተሰበረ ገንቦ አንድ ጊዜ ፈስሶ አያልቅም። መጀመሪያ የሚጠፋው የአደጋው ሰዓት ራሱ ነው፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ፈጽሞ አይመለስም፤ ከቶ አልተቀረጸምና። ከአደጋው በኋላ ሰዓታት ወይም ቀናት ወይም ሳምንታት በግራ መጋባት ያልፋሉ፤ ሐኪሞችም የዚህን ጊዜ ርዝመት የጉዳቱ ክብደት መለኪያ አድርገው ይቈጥሩታል። ከአደጋው በፊት ከነበረው ደግሞ የቅርቡ ይጠፋል፣ የሩቁ ይቀራል። ቴዎዱል ሪቦ የተባለው ፈረንሳዊ ይህን ሥርዓት በ1881 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ሰውየው እየተሻለው ሲሄድ የጠፋው ዘመን ከሩቅ ወደ ቅርብ እየጠበበ ይመጣል።

የሕይወት ትዝታ ከሌላው ተለይቶ ሊጠፋ እንደሚችል ሁለት ሰዎች ለዓለም አስተምረዋል። የመጀመሪያው አሜሪካዊው ሄንሪ ሞላይሰን ነው። ከሚጥል በሽታው እንዲድን በ1953 እ.ኤ.አ. በሐርትፎርድ ከተማ በዶክተር ስኮቪል እጅ ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና ሂፖካምፐሱ ከሁለቱም በኩል አብዛኛው ተወሰደ። ከዚያ ወዲያ ለ55 ዓመታት፣ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ አዲስ ነገር ሊያስታውስ ከሞላ ጐደል አልቻለም። ብሬንዳ ሚልነር የተባለችው ተመራማሪ እጁን በመስተዋት ብቻ እያየ የኮከብ ሥዕል እንዲከተል አደረገችው። በየቀኑ እጁ እየቀና ሄደ፤ እርሱ ግን በየቀኑ «ይህን ሥራ ሠርቼው አላውቅም» ይል ነበር። እጁ ተማረ፤ ትዝታው ግን አልሰማም።

ሁለተኛው በሕክምና መጻሕፍት ኬ.ሲ. በሚባል ስም የታወቀው ካናዳዊ ነው። እርሱ በ1981 እ.ኤ.አ. ከሞተር ብስክሌት ወድቆ ጭንቅላቱ ክፉኛ ተጎዳ። ከአደጋው በፊት የተማረውን ያውቃል፤ ሰንጠረዥ ይጫወታል፤ የወንድሙን መሞት ያውቃል። ነገር ግን መርዶውን የሰማበትን ሰዓት ጨምሮ፣ ከሕይወቱ አንዲት ቀን እንኳ «በዚያ ነበርሁ» ብሎ መልሶ ሊያያት አይችልም ነበር። «ነገ ምን ታደርጋለህ?» ሲባልም አእምሮው ባዶ ይሆንበታል። በዚህም ያለፈውን መልሶ የሚያየውና የሚመጣውን አስቀድሞ የሚያየው የአእምሮ ኀይል አንድ እንደ ሆነ ተገለጠ።

እስቲ አሁን ይህን ወደ አገራችን እናምጣው፤ ለምሳሌ ያህልም አንድ የፎገራ ገበሬ እናስብ። በሰኔ ወር ከጎረቤቱ ጋር መሬት በእኩል ሊያርስ በቃል ተዋዋለ፤ ለሩዝ ዘርም ገንዘብ ተበደረ። ምስክር አልጠሩም፤ ሁለቱም የታመኑ ናቸውና። በሐምሌ ከወረታ ገበያ በሞተር ብስክሌት ሲመለስ መንገድ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። ከብዙ ሳምንት ሕክምና በኋላ ወደ ቤቱ ገባ። በሬዎቹን ይጠምዳል፤ ዳዊቱን ይደግማል፤ የሕፃንነቱን ወሬ ያወራል። ነገር ግን ሰኔና ሐምሌ ከእርሱ ዘንድ የሉም። ኅዳር ደርሶ ሩዙ ሲታጨድ ጎረቤቱ መጥቶ «ድርሻዬንና ብድሬን» አለው። ገበሬውም በቅን ልቡና «ከአንተ ጋር ምንም አልተዋዋልሁም» ብሎ መለሰ። ከሁለቱ ማንኛውም አልዋሸም። እንግዲህ ፍርዱ እንዴት ነው?

የእንግሊዝ ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1694 እ.ኤ.አ. በወጣው በታላቁ መጽሐፉ ሁለተኛ እትም ላይ፣ የአንድን ሰው አንድነት የሚያጸናው ኅሊናው ወደ ኋላ ሄዶ ያለፈውን ሥራ የራሴ ነው ማለት መቻሉ ነው ብሎ አስተማረ። በዚህ ትምህርት ብንሄድ በሰኔ የተዋዋለውና በኅዳር የሚጠየቀው አንድ ሰው አይደሉም፤ ስለዚህ የኅዳሩ ሰው ዕዳ የለበትም ወደ ማለት እንደርሳለን። ቶማስ ሪድ የተባለው ስኮትላንዳዊ ግን በ1785 እ.ኤ.አ. ብርቱ መልስ ሰጠ። አንድ ሕፃን ፍሬ ሰርቆ ተገረፈ፤ አድጎ መኰንን ሆነና የጠላትን ሰንደቅ ማረከ፤ ሸምግሎም ጄኔራል ሆነ። መኰንኑ ግርፋቱን ያስታውሳል፤ ጄኔራሉም ሰንደቁን ያስታውሳል፤ ግርፋቱን ግን ረስቶታል። እንደ ሎክ አነጋገር ጄኔራሉና መኰንኑ አንድ ናቸው፣ መኰንኑና ሕፃኑም አንድ ናቸው፤ ጄኔራሉና ሕፃኑ ግን አንድ አይደሉም ማለት ነው። ይህ ደግሞ ሊሆን የማይችል ነገር ነው።

የሪድን መልስ በራሳችን መንገድ ልንጨምርበት እንችላለን። ከእኛ መካከል ልደቱን የሚያስታውስ ማን ነው? ክርስትና የተነሣበትን ቀን የሚያስታውስ ማን ነው? ስማችንን ያወጡልንን፣ ጡት ያጠቡንን፣ አዝለው ያሳደጉንን በዚያን ጊዜ ምን እንዳደረጉልን አናስታውስም። ነገር ግን «አላስታውስምና የእናቴ ውለታ የለብኝም» የሚል ልጅ ቢገኝ ከተንኮለኛ በቀር ምን ይባላል? የሕይወታችን መጀመሪያ የተጻፈው በሌሎች ሰዎች ልብ ነው፤ እኛም አምነን ተቀብለነዋል። ስለዚህ ያላስታወሱትን የራስ ሥራ በታመነ ሰው ቃል «የእኔ ነው» ብሎ መቀበል ለጤነኛውም የተለመደ ነገር እንጂ ለተጎዳው ሰው ብቻ የሚቀርብ እንግዳ ሸክም አይደለም።

ዕዳ ደግሞ እንደ ገመድ ሁለት ጫፍ አለው። አንደኛው በተበዳሪው እጅ፣ ሁለተኛው በአበዳሪው እጅ ነው። ጉዳት አንዱን ጫፍ ቢያስጥል ሌላው አልተጣለም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ተረት የተነገረው ተንኮለኛን ለመውቀስ ቢሆንም፣ ለያዝነው ጉዳይ ታላቅ እውነት ይዟል፤ ይኸውም የሆነ ነገር መሆኑ የሚቆመው በአድራጊው ትዝታ ላይ ብቻ እንዳልሆነ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሟች ዕዳ ከውርሱ እንዲከፈል ያዛል። ከሞተ ሰው የበለጠ የረሳ ማን አለ? ሞት ያልሻረውን ዕዳ የጭንቅላት ጉዳት አይሽረውም። ስለዚህ ገበሬያችን ዕዳው እውነተኛ መሆኑ ከታወቀ መክፈል ይገባዋል።

ነገር ግን ከዕዳ ወደ በደል ስንሻገር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም፣ በ1996 ዓ.ም. የተተካበት የወንጀል ሕግም የሚመለከቱት አድራጊው ሥራውን በሠራበት ጊዜ የነበረውን የአእምሮ ሁኔታ ነው እንጂ ኋላ ማስታወሱን አይደለም። ስለዚህ መርሳት ራሱ ከጥፋተኝነት ነጻ አያወጣም። ሆኖም ቅጣት የሚሰጠው ሰው እንዲታረም ጭምር ከሆነ፣ የሠራውን ከቶ የማያገኘውን ሰው እንዴት ያርመዋል? ጸጸትም እንዲሁ ነው። ጸጸት ያለፈውን በዐይነ ኅሊና ማየት ይፈልጋል፤ የማያየውን «ስለ ምን አትጸጸትም?» ማለት ዕውርን ስለ ምን ቀለም አትለይም እንደ ማለት ነው። ከእርሱ ሊጠየቅ የሚቻለው «አላስታውሰውም፤ አድርጌው ከሆነ ግን አዝናለሁ፣ እክሳለሁ» ማለት ነው። ይህ ቃል ከትዝታ የመጣ ባይሆንም ከመልካም ጠባይ የመጣ ነው፤ በእኔ አስተያየት ካሣውም እርቁም በዚህ ሊፈጸም ይገባል።

ከዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይመጣል። «የረሳ ሰው ይክፈል ከተባለ ክፉ ሰው ሁሉ እየመጣ ያልተበደረውን ይጠይቀዋል፤ እርሱም በትዝታው ሊከላከል አይችልም» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ እውነት አለው፤ ዕዳውን ግን አይሽርም፤ ማስረጃውን ግን ያከብደዋል። ድሮ በጎንደርና በጎጃም የርስት ክርክር ሲነሣ የትውልድ ሐረግ የሚቈጥሩ ሽማግሌዎች ይጠሩ ነበር፤ መሬት በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሀብት እስከ ሆነበት ጊዜ ድረስም የብዙ ቤተ ሰብ ኑሮ የተንጠለጠለው በእነዚህ ሰዎች ትዝታና ሐቀኝነት ላይ ነበር። ከአንድ ሽማግሌ ቃል የብዙዎች ቃል ይመረጥ የነበረው ሰው እንደሚረሳና እንደሚያደላ ስለሚታወቅ ነው። ለተጎዳው ሰው ጉዳይም እንዲሁ መሆን አለበት። ከጤነኛ ሰው በአንድ ምስክር የሚጠየቀው ከእርሱ በሁለትና በሦስት ይጠየቅ፤ ዘመዱም በአጠገቡ ይቁም፤ ጥርጣሬ ሲኖር ጥቅሙ ለእርሱ ይሁን። ስለ ራሱ ሊመሰክር የማይችልን ሰው መዝረፍ ከሌላ ዘረፋ ሁሉ ይከፋል፤ የሚሰርቀው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ያለፈ ታሪኩንም ነውና። የዚያ ጎረቤት ዕጣ ግን ያሳዝናል፤ እውነተኛ ሆኖ ምስክር ስለሌለው ሊጎዳ ይችላል። መድኃኒቱ አስቀድሞ ነው፤ የታመነ ሰው ከታመነ ሰው ጋር ሲዋዋል ሦስተኛ ሰው ይጥራ ወይም ይጻፍ። ይህ ያለመተማመን ምልክት አይደለም፤ ሁለቱም ሥጋ ለባሾች መሆናቸውን ማወቅ ነው።

ሌላው ከዚህ የማያንስ አደጋ «ለማያስታውስ ሰው ምን አለበት?» የሚለው አነጋገር ነው። የጎበኙትን ይረሳል፤ ስለ ምን ይጎበኙታል? የሰደቡትን ይረሳል፤ ስድብስ ምን ይጎዳዋል? ሳይንስ ይህን አነጋገር ሐሰት አድርጎታል። ክላፓሬድ የተባለ የጄኔቭ ሐኪም፣ ትዝታ ያጣች አንዲት ሴት ሲጨብጣት በእጁ መርፌ ደብቆ እንደ ወጋት በ1911 እ.ኤ.አ. ጻፈ። ጥቂት ቆይታ መወጋቷን ረሳችው፤ እጁን ዳግመኛ ሲዘረጋ ግን እጇን ሰበሰበች። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሂፖካምፐሳቸው ለተጎዳ ሰዎች አሳዛኝና አስደሳች ፊልሞች አሳዩ። ሰዎቹ ጥቂት ቆይተው ያዩትን ፊልም ረሱት፤ ሐዘኑና ደስታው ግን አብሯቸው ቈየ። እንግዲህ የተጎዳው ሰው የጎበኘውን ሰው ስም ይረሳ ይሆናል፤ መጎብኘቱ በልቡ የተወው ሙቀት ግን አይጠፋም። ስድቡን ይረሳል፤ ምክንያቱን የማያውቀው ሐዘን ግን እየተከተለው ይውላል። ምክንያቱን የሚያውቁት ሐዘን መጽናኛ ይገኝለታል፤ ምክንያቱን ያላወቁት ሐዘን ግን ምን መጽናኛ አለው?

ይህ ወደ ከባዱ ጥያቄ ያደርሰናል። ከአደጋው በኋላ እናቱ የሞተችበት ሰው ጧት ጧት «እናቴ እንዴት ናት?» እያለ ቢጠይቅ ምን እንመልስለት? በአገራችን መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ሽማግሌ ይመረጣል፤ በማለዳ ይነገራል፤ ያለቀሰውም ብቻውን አይተውም። ይህ ልማድ እውነትን ከርኅራኄ ጋር ማገናኘትን ያስተምረናል። ስለዚህ ለተጎዳውም ሰው መርዶው በሥርዓት መነገር አለበት፤ ልጅ በእናቱ ላይ የማልቀስ መብት አለውና፣ ረሺ ነው ተብሎ ሊከለከል አይገባም። ነገር ግን በየጧቱ እንደ አዲስ ማርዳት እውነትን መናገር ሳይሆን ቁስልን ዕለት ዕለት መውጋት ነው። «ደኅና ናት» ብሎ መዋሸትም ክብሩን መንፈግ ነው። በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ «እናትህ ናፍቃህ ነው፤ እስቲ ስለ እርሷ አጫውተኝ» ማለት ነው። የሩቁ ትዝታ አልጠፋበትምና ስለ እናቱ ብዙ ይናገራል። አጥብቆ «ሞታለች ወይ?» ብሎ ከጠየቀ ግን እጁን ይዘው እውነቱን ይንገሩት፤ አብረውትም ይቀመጡ።

ተዝካር የሚለው ቃል የወጣው ዘከረ፣ አሰበ ከሚለው የግዕዝ ግሥ ነው። ተዝካር የምናወጣው ራሱ ማሰብ ለማይችል ሰው ነው፤ እርሱ ባያስብ እኛ እናስብለታለን ማለታችን ነው። ሕዝባችን ለሞተው ይህን ካደረገ፣ በሕይወት ላለውና ከአጠገቡ ለተቀመጠው እንዴት ይነፍገዋል? ትዝታው የተሰበረ ሰው በእውነቱ ሕያው ተዝካር ያስፈልገዋል። ወንድሙ ሰኔንና ሐምሌን ያስታውስለት፤ ሚስቱ የልጆቹን ልደት ትቍጠርለት፤ ዕድሩ መዋጮውን እንዳይረሳ መልእክተኛ ይላክለት። የሰው ማንነት በአንድ የራስ ቅል ውስጥ ብቻ የተዘጋ አይደለም፤ በሚያውቁት ሁሉ ዘንድ በአደራ ተከፋፍሎ ተቀምጧል። አንዱ ሣጥን ቢሰበር አደራው በሌሎቹ ዘንድ አለ። የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱም ይህ ነው፤ የረሳው ሰው ያው የቀድሞው ሰው ነው፣ ወዳጆቹ አደራቸውን እስከ ጠበቁ ድረስም ያው መሆኑ ለራሱ ይታወቀዋል።

ይህ ሁሉ አሳብ በሥራ ካልተገለጠ ባዶ ነው። አስቀድሞ መጠንቀቅ ይገባል፤ በሞተር ብስክሌት የሚሄድ ሄልሜት የሚባለውን የራስ መከላከያ ማድረግ አለበት። ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ደጋግሞ ካስታወከው፣ እንቅልፍ እየተጫጫነው ከሄደ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከጆሮውና ከአፍንጫው ውሃ መሳይ ነገር ከወጣ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም መድረስ አለበት። ሰው በጉማራ ወንዝ አቅራቢያ ወደሚገኘው የዋንዛዬ ፍል ውሃ ለልዩ ልዩ ሕመም ይሄዳል፤ ወደ ጠበልም በእምነት ይሄዳል፤ በአንጎል ውስጥ የሚፈስ ደም ግን ቀጠሮ አይሰጥምና ሐኪሙ ይቅደም። ከሕክምናው በኋላ ቤተ ሰቡ የቀረለትን ትዝታ መርምሮ በእርሱ ይጠቀም። ኬ.ሲ. ማን እንዳስተማረው ሳያስታውስ በቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ በየተራው መደርደርን ለምዶ ነበር። ስለዚህ ዕቃ ሁሉ በአንድ ቦታ ይቀመጥ፤ ሥራ በአንድ ሰዓት ይሠራ፤ ቀጠሮ በደብተር ይጻፍ። አንድን ጥያቄ አሥር ጊዜ ቢጠይቅ ለአሥረኛው እንደ መጀመሪያው ይመለስለት፤ ለእርሱ መጀመሪያው ነውና። ከሁሉም በላይ «ልግም ነው፤ ሲፈልግ ያስታውሳል» የሚለው ሐሜት ይቅር። በሬ መጥመድ የሚያውቅ ሰው ትናንትን ማጣቱ ልግም አለመሆኑን ከላይ አይተናል፤ እጅና ትዝታ ቤታቸው ለየቅል ነው።

ሥልጡን ኅብረተ ሰብ የሚለካው ባለ መንገዱና ባለ ሕንፃው ብቻ አይደለም፤ ስለ ራሱ መከራከር የማይችለውን ሰው ጉዳይ እንዴት እንደሚይዝም ነው። የረሳ ሰው ዕዳውን ይከፍላል፤ ይህ የእርሱ ክብር ነው፣ እንደ ሙሉ ሰው ተቈጥሯልና። እኛ ያልረሳነው ደግሞ ሌላ ዕዳ አለብን፤ ይኸውም ያወቅነውን ሳንጨምርና ሳንቀንስ ለእርሱ መጠበቅ ነው። ይህን ዕዳ የሚያስከፍል ባለ ዕዳ አይመጣም፤ ምስክርም አይቈጠርበትም። ስለዚህም ከዕዳዎች ሁሉ ይልቅ የሰውን እውነተኛ ጠባይ የሚፈትነው ይህኛው ነው።